ቲቢ ያልነበረው «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ»፦ ከቀለም ወደ ጂኖም ንባብ



እኔ የሳይንስ ታሪክ መምህር እንጂ የላቦራቶሪ ሰው አይደለሁም። ስለዚህም ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድን ስሕተት ታሪክ ነው።

ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 የሳንባ ነቀርሳን አምጪ ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ሲያስታውቅ፣ ባክቴሪያውን ለዓይን የገለጠለት ቀለም ነበር። ዚልና ኒልሰን ብዙም ሳይቆዩ ዘዴውን አሻሻሉት። የባክቴሪያው ሰም መሰል ሽፋን ቀዩን ቀለም ከያዘ በኋላ በአሲድ ቢታጠብም አይለቅቀውም። በአገራችንም ለረጅም ዘመን የቲቢ ምርመራ ማለት በዋናነት ይኸው የአክታ ምርመራ ነበር።

ነገር ግን ይህ ሽፋን የቲቢ ባክቴሪያ ብቻ አይደለም። በአፈርና በውኃ የሚኖሩ፣ ከመቶ በላይ የሆኑ የማይኮባክቴሪያ ዝርያዎች ይጋሩታል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሳንባን ያጠቃሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁሉም ቀይ ዘንግ ናቸው። አይሶኒያዚድ እ.ኤ.አ. በ1952 ለሕክምና በዋለ ማግሥት፣ በ1953፣ ኋላ ማይኮባክቴሪየም ካንሳሲ የተባለው ቢጫ ባክቴሪያ ተገለጸ። በ1959 ደግሞ ኧርነስት ረንየን እነዚህን «ኢመደበኛ» የተባሉ ባክቴሪያዎች በቀለማቸውና በዕድገታቸው ፍጥነት በአራት ቡድን ከፈላቸው። ይህ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ምደባው አሁንም በመልክ ላይ የቆመ ነበር።

ስሕተቱ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። በሽተኛው የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ አክታው ከባክቴሪያው አይጠራም። ናሙናው በካልቸር ሲበቅል ሪፋምፒሲንም አይሶኒያዚድም አይገቱትም፤ ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በተፈጥሯቸው መድኃኒቶቹን የሚቋቋሙ ናቸውና። ላቦራቶሪው የዝርያውን ማንነት ሳያጣራ የመድኃኒት ፍተሻውን ብቻ ካነበበ፣ ውጤቱ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ይሆናል። ባክቴሪያው ግን የተላመደው ነገር የለም፤ ድሮም እንዲሁ ነበር። ሰውየው ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፣ የማይመለከተውን ሕክምና ይወስዳል። በቀደመው ሥርዓት ደግሞ እንደ ካናማይሲን ያሉ፣ የመስማት ችሎታን እስከ መጨረሻው ሊነጥቁ የሚችሉ መርፌዎች ይጨመሩበት ነበር። እኔን ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ በሽታው ያልወሰደውን ጆሮ ሕክምናው ይወስደዋል።

የቲቢ ባክቴሪያ ሙሉ ጂኖም፣ 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ። ከዚያ ወዲህ የአንድን በሽተኛ ባክቴሪያ ጂኖም አንብቦ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር ማነጻጸር ተቻለ፤ ጥያቄው ከመልክ ወደ ማንነት ተሻገረ። እርግጥ ነው፣ ንባቡ ብዙውን ጊዜ ካልቸር ይጠይቃል፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ከአክታ የተገኘ ማይኮባክቴሪያም ሁልጊዜ በሽታ ነው ማለት አይደለም፤ ከቧንቧ ውኃም ሊመጣ ይችላልና ሐኪሙ በሽተኛውን መመርመሩ አይቀርም። የአክታው ቀለም «አለ» እያለ የጂንኤክስፐርት ምርመራ «ቲቢ የለም» ሲል ግን፣ ፋይሉን ከመዝጋት በፊት ዝርያውን መጠየቅ ይገባል።

ንባቡ ከስምም አልፎ ይሄዳል። ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ በተባለው ዝርያ ውስጥ «ኢአርኤም 41» የሚባል ጂን አለ። ጂኑ ሙሉ ሆኖ ሲሠራ ባክቴሪያው እንደ አዚትሮማይሲን ያሉ መድኃኒቶችን እንዲቋቋም ያደርገዋል። ማሲሊየንስ በተባለው ንዑስ ዝርያ ግን ጂኑ ተቆርጦ የማይሠራ ሆኖ ይገኛል፤ እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ በአዚትሮማይሲን ሊጠቀም የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው።