ሦስት ዋንጫ በሦስት ክለብ፦ የአሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ መንገድና የመቐለ የ2011 ድል



በታሪክ ጥናታችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ሃይማኖት ተቋማት ብዙ ተጽፏል። በየሳምንቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ስታዲየም ስለሚጠራው እግር ኳስ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ስለ ክለቦችና ስለ ዋንጫዎች እንጂ ስለ አሠልጣኞች አይደለም። ዛሬ የማቀርበው ገለጻ የአንድ አሠልጣኝን የሥራ ሕይወት ይከተላል። ዓላማዬ ውዳሴ አይደለም። የአንድ ባለሙያ መንገድ የሀገሪቱን የቅርብ ዘመን ታሪክ ምን ያህል ሊያሳየን እንደሚችል ለመመርመር ነው።

በቅድሚያ አንድ ንጽጽር ላቅርብ። በኔዘርላንድስ ጆን ቫንት ስኺፕ የተባለ የክንፍ ተጫዋች ነበረ። በአያክስና በጣሊያኑ ጄኖዋ ተጫውቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣው ብሔራዊ ቡድን አባልም ነበር። በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ በአውስትራሊያ ሜልቦርን ሠራ፤ የግሪክን ብሔራዊ ቡድንም መራ። የዚህን ሰው ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ተመራማሪ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሜዳ፣ ከማን ጋር እንደተሰለፈ ከመዛግብት ማግኘት ይችላል። የእኛን አሠልጣኞች ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ግን ሥራውን የሚጀምረው ከመዝገብ ሳይሆን ከሰው ትዝታ ነው። ይህ ልዩነት የችሎታ ልዩነት አይደለም፤ የመዝገብ ልዩነት ነው።

ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት የመሸጋገር ልማድ በሀገራችን አዲስ አይደለም። ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድኑ የተጫወቱት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑን በአሠልጣኝነት መርተዋል። በፍጻሜው ጨዋታ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋለች። በዚያ ጨዋታ ግብ ካስቆጠሩት መካከል መንግሥቱ ወርቁ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በሊቢያ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ፣ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆነው ቀርበዋል። የዚያ ቡድን አምበል የነበሩት የአሥመራው ተወላጅ ሉቺያኖ ቫሳሎም አሠልጣኝ ሆነዋል። በደርግ ዘመን ግን ሀገር ለቀው ጣሊያን ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እስኪያርፉም ድረስ በዚያው ኖሩ። ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ታሪክ አንድ ነገር እንረዳለን። በኢትዮጵያ የአሠልጣኝን የሥራ ዘመን የሚወስነው የጨዋታ ውጤት ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት መለወጥና የሀገር መናወጥም ጭምር ነው።

አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ የዚህ ልማድ ወራሽ ናቸው። በአጥቂነት ተጫውተው ካለፉ በኋላ ወደ አሠልጣኝነት ገቡ። የመከላከያን ቡድን ለጥሎ ማለፍ ዋንጫ አብቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 አሠልጣኝ ዮሐንስ ሳህለ ከብሔራዊ ቡድኑ ሲሰናበቱ ኃላፊነቱን ተረክበዋል። በታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ የሚያሰጣቸው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገ አዲስ ቡድን ነበር። በዚያው የመጀመሪያ ዓመቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ክፍያ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። የዚህን ክብደት ለመረዳት ወደ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. በአሁኑ መልኩ ከተጀመረ ወዲህ ከአዲስ አበባ ውጪ ዋንጫውን የወሰደ ክለብ ሐዋሳ ከተማ ብቻ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ዋንጫው ከመዲናይቱ የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው።

በቀጣዩ ዓመት አሠልጣኙ ወደዚህች ከተማ መጡ። ቀደም ሲል መቐለ ከተማ ይባል የነበረው መቐለ 70 እንደርታ በሊጉ ገና ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ውድድሩ እስከ መጨረሻው ቀን አልለየለትም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ የመጨረሻው ጨዋታ ሲደርስ ፋሲል ከነማ ይመራ ነበር። መቐለ ድሬዳዋ ከተማን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ፋሲል ከስሑል ሽረ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። በአንድ ነጥብ ብልጫ ዋንጫው መቐለ ቀረ። የቡድኑ አጥቂ አማኑኤል ገብረሚካኤል በ18 ግቦች የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። ከአንድ ዓመት በፊትም የጅማው ኦኪኪ አፎላቢ በ23 ግቦች ተመሳሳይ ክብር አግኝቶ ነበር። በሁለቱም ዓመታት የሊጉ ቀዳሚ ግብ አግቢ ከእኚሁ አሠልጣኝ ቡድን መውጣቱ አጋጣሚ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። በአጥቂነት ያደጉ አሠልጣኝ ቡድናቸውን በጨራሽ አጥቂ ዙሪያ እንደሚያዋቅሩ የሚጠቁም ይመስለኛል። ይህ ግን የእኔ ግምት ነው፤ የተጫዋቾቹ ምስክርነት ሊያጸናው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል።

ቡድኑ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ብዙ አልገፋም። በኢኳቶሪያል ጊኒው ካኖ ስፖርት በደርሶ መልስ በድምሩ 3 ለ 2 ተሸንፎ በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ።

አሁን ወደ ገለጻዬ ዋና ነጥብ ልምጣ። የ2011 ድል ሲገኝ የመጀመሪያ ይመስል ነበር። ዛሬ ወደ ኋላ ስናየው ግን የአንድ ዘመን መዝጊያ ሆኖ እናገኘዋለን። የ2012 የውድድር ዘመን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አሸናፊ ሳይለይበት ተሰረዘ። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተቀሰቀሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊጉ ሲጀመር ሦስቱ የትግራይ ክለቦች፣ ማለትም መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ፣ አልነበሩበትም። ሊጉም ራሱ መልኩን ለወጠ። ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን እየተላለፉ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች በማዕከል ይካሄዱ ጀመር። ክለቦች በየከተማቸው እየተዘዋወሩ የሚጫወቱበት ሥርዓት ቀረ። ስለዚህ የመቐለ ዋንጫ በሜዳና ከሜዳ ውጪ በሚደረግ ውድድር እስከ ፍጻሜ ተጫውቶ የተገኘ የመጨረሻው ዋንጫ ነው።

ይህ የአደረጃጀት ዝርዝር ብቻ አይደለም። የሜዳና ከሜዳ ውጪ ሥርዓት የከተሞች ግንኙነት ነበር። የአንዱ ከተማ ደጋፊ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ያድራል፤ ይበላል፤ ይጨቃጨቃል። በእነዚያ ዓመታት የፖለቲካው ውጥረት ወደ ደጋፊዎች መቀመጫ መውረዱን፣ ስድብና ጠብ መታየቱን መካድ የታሪክ ሰው ሥራ አይደለም። ሆኖም የጎንደርና የመቐለ ሰዎች በአንድ የነጥብ ሠንጠረዥ ላይ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሲፎካከሩ የነበረበት ዓመት፣ ከጦርነቱ በፊት የነበረው የመጨረሻው ሙሉ የውድድር ዓመት መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ፉክክሩ መራራ ነበር፤ ግን በሕግና በዳኛ ፊሽካ የሚመራ ፉክክር ነበር።

አሠልጣኙ ሥራቸውን በሌሎች ከተሞች ቀጠሉ። ሲዳማ ቡናን፣ ቀጥሎም ኢትዮጵያ መድንን አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ተጠሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድን በፕሪሚየር ሊጉ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ፤ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። ጅማ፣ መቐለ፣ መድን፤ ሦስት ዋንጫ በሦስት የተለያዩ ክለቦች።

የታሪክ ምፀት የሚባል ነገር ካለ እዚህ ላይ ነው። ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ወደ ሊጉ የተመለሱት በዚያው በ2017 የውድድር ዘመን ነበር፤ የተሳታፊዎቹም ቁጥር ጨመረ። መቐለ ወደ ሊጉ ሲመለስ ለሻምፒዮንነት ያበቁትን አሠልጣኝ በሌላ ክለብ ወንበር ላይ አገኛቸው። ክለቡ ወደ ሊጉ ተመለሰ እንጂ ሊጉ ወደ መቐለ አልተመለሰም። ጨዋታዎቹ የተካሄዱት በሌሎች ከተሞች ስለነበር የከተማው ሕዝብ ቡድኑን ያየው በቴሌቪዥን ነው።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። ዋንጫ የአሠልጣኝ ብቻ አይደለም፤ የተጫዋቾች፣ የደጋፊዎችና በጀት የመደበው የከተማ አስተዳደር ጭምር ነው ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ግን ጥያቄውን ገልብጠን እንጠይቅ፤ ከአሠልጣኙ መሄድ በኋላ ምን ቀረ? ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን በሆነ በአራት ዓመቱ ከሊጉ ወረደ። የመቐለ ቡድን በጦርነቱ ተበተነ፤ አማኑኤልም ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ። የክልል ክለቦቻችን በአብዛኛው በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው በጀቱ ሲሳሳ ቡድኑ ይሳሳል። በክለቡ ውስጥ የሚቀር የሥልጠና መዝገብ፣ የታዳጊዎች አደረጃጀት፣ ለተተኪ የሚተላለፍ የጽሑፍ ልምድ ስለሌለ፣ ሙያው የተቋሙ ሳይሆን የሰውየው ሆኖ ይቀራል። ሰውየው ሻንጣውን ሲያነሣ ዕውቀቱም አብሮ ይነሣል።

ይህ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ሙያው በሰው ውስጥ በመኖሩ ከጦርነት ተርፏል። ሜዳ ሲዘጋና ክለብ ሲቋረጥ ዕውቀቱ ወደ ሌላ ከተማ ተጉዞ እንደገና ፍሬ አፍርቷል። በሌላ በኩል በሰው ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ከሰው ጋር ያልፋል። መንግሥቱ ወርቁ አርፈዋል፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ አርፈዋል። በልምምድ ሜዳ ምን ይሉ እንደነበር፣ ተጫዋች እንዴት ይመርጡ እንደነበር የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን አንድ ጥሪ አለኝ። የ2011 ቡድን ተጫዋቾች፣ የአሠልጣኝ ረዳቶች፣ ወጌሻዎች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮችና የደጋፊ ማኅበር አባላት አብዛኞቹ በሕይወት አሉ። የጨዋታ አሰላለፎች፣ ፎቶግራፎች፣ የሬዲዮ ቅጂዎች በየሰው ቤት ይገኙ ይሆናል፤ ከጦርነቱ የተረፈውን ያህል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ሁሉ በትግርኛም በአማርኛም ቃላቸውን ቅዱ። የተበተኑትንም ባሉበት ፈልጉ። ዋንጫው በክለቡ ቢሮ ይቀመጣል፤ እንዴት እንደተገኘ የሚናገረው ቃል ግን እስካሁን የትም አልተቀመጠም።