«የሥራ ድካም ነው» ተብሎ የሚታለፈው የሴቶች የልብ ሕመም

የልብ ሕመም በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚቆየው ከሥራ ድካም ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ቀኑን በአረም ወይም በአጨዳ የምታሳልፍ እናት «ደከመኝ» ብትል የሚደነቅ የለም። በከተማም ቢሮ ወይም ገበያ ውላ የቤት ሥራ ለሚጠብቃት ሴት ድካም የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ሕመሙም «ብርድ መትቷት ነው»፣ «ጨጓራዋ ነው» እየተባለ ለወራት ይታለፋል።

ድካምና ሕመም በምን ይለያሉ?

የሥራ ድካም ከተሠራው ሥራ ጋር የሚመጣጠን ሲሆን በእንቅልፍና በዕረፍት ይቀንሳል። ከልብ የሚመጣ ድካም ግን ሥራው ሳይጨምር እየባሰ ይሄዳል። ስለዚህ አንዲት ሴት ራሷን ልትጠይቅ የሚገባት «ደክሞኛል ወይ?» ብላ ሳይሆን «ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በፊት ሳልቸገር የምሠራውን ዛሬ ለምን አቃተኝ?» ብላ ነው። ጀሪካን ተሸክማ ሳታርፍ ትወጣው በነበረው ዳገት ላይ አሁን ሁለት ሦስት ጊዜ የምትቆም ከሆነ ለውጡ ምርመራ ይፈልጋል።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ምልክቶች

• በቀላል ሥራ ወይም በንግግር መሐል ትንፋሽ ማጠር፤
• በጀርባ መተኛት አለመቻል፣ ትራስ መደራረብ፣ ሌሊት ታፍኖ መንቃት፤
• የእግር ማበጥ፦ ቅልጥም በአውራ ጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ስርጉዱ ሳይመለስ መቆየቱ፤
• ያለ ምክንያት የልብ ምት መፍጠን ወይም መዛባት፤
• በሥራ ጊዜ ማዞር ወይም ራስን መሳት፤
• በሥራ ወይም በድንጋጤ ጊዜ መጥቶ በዕረፍት የሚተው የደረት፣ የመንጋጋ፣ የትከሻ ወይም የጀርባ ሕመም።

እነዚህ ምልክቶች ሁልጊዜ የልብ ሕመም ናቸው ማለት አይደለም። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና የሳንባ ሕመምም ተመሳሳይ ስሜት ይፈጥራሉ። ሁሉም ግን ሕክምና የሚሹ በመሆናቸው ምርመራው በከንቱ አይቀርም።

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

በኢትዮጵያ በወጣት ሴቶች ላይ ከሚታዩት ዋነኛ የልብ ሕመሞች አንዱ በልጅነት በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም (ቶንሲል) የሚነሣው የልብ በሮች ጉዳት ነው። ጉዳቱ ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና ብዙ ጊዜ በእርግዝና ወቅት ይገለጣል፤ በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር የጠበበው የልብ በር ጫናውን አይችልም። ከእርግዝናው የመጨረሻ ወር አንሥቶ ከወሊድ በኋላ እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ደግሞ የልብ ጡንቻ ሊዳከም ይችላል። በዚህ ወቅት የሚታይ የትንፋሽ ማጠርና የእግር እብጠት «የአራስነት ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ልብን ይጎዳል። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል። የሥራ ጫናና ጭንቀትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ እንቅልፍ ይነሣሉ። በ52 አገሮች ተካሂዶ በአውሮፓውያኑ 2004 ይፋ የሆነ ጥናት ጭንቀት ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር ያለውን ግንኙነት አሳይቷል።

ጊዜ የማይሰጠው ሁኔታ

ደረት ላይ የከበደ ነገር የተጫነ ያህል የሚሰማ ሕመም ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ ከቆየ፣ በተለይም ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ካለ፣ አደጋ ነው። የደረት ሕመም በሴቶችም ላይ ዋናው ምልክት ነው፤ ሆኖም ማቅለሽለሽ፣ የጀርባ ሕመምና ብርቱ ድካም ጎልተው ስለሚታዩባቸው ከጨጓራ ጋር ይምታታል። ታማሚዋን በእግሯ ማስኬድ አይገባም፤ በአምቡላንስ፣ በተገኘው ተሽከርካሪ ወይም በቃሬዛ ፈጥኖ ማድረስ ይገባል።

ወዴት መሄድ፣ ምን መናገር?

የደም ግፊት በጤና ኬላ ሊለካ ይችላል። በጤና ጣቢያ የልብ ድምፅ ይደመጣል፣ ደም ይመረመራል፤ አስፈላጊ ሲሆን ታማሚዋ ለልብ አልትራሳውንድ ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ለባለሙያው «ደከመኝ» ብቻ ማለት አይበቃም። የትኛው ሥራ እንዳቃታት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በስንት ትራስ እንደምትተኛ፣ በልጅነቷ ጉሮሮዋንና መገጣጠሚያዋን ታምማ እንደነበር፣ እርጉዝ ወይም አራስ ከሆነችም ይህንኑ ብትገልጽ ምርመራው ይቀልላል።

የልብ በር ጉዳት ያለባቸው ብዙ ታማሚዎች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይታዘዝላቸዋል። መርፌውም ሆነ የደም ግፊት ኪኒን ሥራ በዛ ወይም ተሻለኝ ተብሎ መቋረጥ የለበትም። ለውጡን ቀድሞ የሚያየው አብሮ የሚኖር ሰው ነውና ባልና ልጆች ውኃ መቅዳቱንና እንጨት መሸከሙን ተረክበው ታማሚዋን ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስዷት ይገባል። አጨዳው እስኪያልቅ ተብሎ የሚዘገይ ምርመራ ሊድን የሚችለውን ልብ ለከፋ ጉዳት ይዳርጋል።