የወርቁ ክርና ያዡ ክር



በላፍቶ የሥልጠና ክፍላችን ከዳንቴልና ከለመድነው ጥልፍ ሌላ አንድ የእጅ ሥራ መማር ጀምረናል። ሥራው በጥልፍ ሸራ ላይ ነው። የሚያብረቀርቅ ወይም ወፍራም ክር በሸራው ፊት ላይ ይጋደማል፤ ከዚያ በሌላ ቀጭን ክር ቦታ ቦታውን እየተያዘ ይሰፋል። በመካከላችን የመጀመሪያውን “ተጋዳሚ”፣ ሁለተኛውን “ያዥ” እንላቸዋለን። ሥራው ለእኛ አዲስ ቢሆንም ታሪኩን ስንከታተል ብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ወሰደን።

ዘዴው ለምን ተፈለገ? ጥንት የወርቅ ክር የሚባለው በቀጭኑ የተቀጠቀጠ ወርቅ ወይም ወርቅ የተቀባ ብር በሐር ላይ እየተጠመጠመ የሚሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ክር ጨርቁን ደጋግሞ ሲበሳ ይላጣል፤ ይበጠሳልም። በተለመደው ስፌት ደግሞ ብዙው ክር በጨርቁ ጀርባ ይቀራል። ማንም ለማያየው ቦታ ወርቅ ማውጣት ማለት ነው። ስለዚህ ጠላፊዎች ወርቁን ከላይ አጋድመው በርካሽ ክር ያዙት። የማኅበሩን ሒሳብ ለምንይዝ ሰዎች ይህ ከጌጥነቱ በፊት ቁጠባ ነው።

በአገራችንም በሚያብረቀርቅ ክር የተጌጠ ልብስ ያላየ ሰው የለም። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋውን የከፋይ ጥላ፣ የካህናቱንና የሙሽሮችን ካባ ማስታወስ ይበቃል። ጥለትና ጥልፍ ግን ይለያያሉ። ጥለቱን ሸማኔው ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሠራዋል፤ ጥልፉ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው። ሐርና ከፋይ ከውጭ፣ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ይገቡ ነበር። ሙካሽ የምንለው ክርም ስሙ በሕንድ የብረት ክር ጥልፍ ከሚጠራበት ቃል ጋር ይመሳሰላል። በዚያው በሕንድ ዛርዶዚ የተባለው ጥልፍ እስከ ዛሬ የሚሠራው የወርቅ ክርን አጋድሞ በመያዝ ነው።

ከአገራችን የጥልፍ ሥራዎች አንዱ ዛሬ ለንደን ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲያርፉ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ንብረት መካከል የባለቤታቸው የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው የሚባል ቀሚስ አለ። ከጥጥ ተሠርቶ በሐር የተጠለፈው ይህ ቀሚስ በቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል፤ በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብም ለሕዝብ ታይቷል። እቴጌይቱ ከመቅደላ በወረዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመንገድ ላይ አረፉ። የባለቤቲቱ ስም ከቀሚሱ ጋር ሲነሳ ይኖራል፤ የጠለፉት እጆች ስም ግን አብሮ አልተላለፈም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ድል ማድረጋቸውን የሚተርከው የባዮ ጥልፍ 70 ሜትር ያህል ይረዝማል። የሰዎቹና የፈረሶቹ አካል የተሞላው የሱፍ ክር በበፍታ ላይ እያጋደሙ በመያዝ፣ ማለትም እኛ በምንማረው ዘዴ ነው። የጠላፊዎቹን ስም ግን የሚያውቅ የለም።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የኖረችው የበሪ ሴንት ኤድመንድስ ሴት ማቤል ግን ስሟ ቀርቷል። ለንጉሥ ሄንሪ 3ኛ የቤተ ክርስቲያን አልባሳትን ትጠልፍ ነበር። ከ1239 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታዘዝላት ሥራና የሚከፈላት ገንዘብ በንጉሡ መዛግብት ተጽፏል። ከ780 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በስሟ የምንጠራት አንድ ጸሐፊ ክፍያዋን ስለመዘገበ ነው።

እኛንም የሚመለከተን እዚህ ላይ ነው። ይህ ጥልፍ ጊዜ ይፈጃል። ሸራው በእንጨት ክፈፍ ላይ ተወጥሮ ይታሰራል፤ አለበለዚያ ይጨማደዳል። ሁለት የሙካሽ ክሮች ጎን ለጎን ይጋደማሉ። ያዡ ክር በአንድ ቀዳዳ ወጥቶ ሁለቱንም አቋርጦ በማዶው ቀዳዳ ይገባል፤ ቀዳዳው እየተቆጠረ ርቀቱ እኩል መሆን አለበት። በሚቀጥለው መስመር መያዣዎቹ እንደ ጡብ ግንብ ይፈራረቃሉ። ማዕዘን ሲደርስ በአንድ ስፌት አጥብቆ ማጠፍ፣ መጨረሻ ላይም የሙካሹን ጫፍ በትልቅ መርፌ ወደ ጀርባ አሳልፎ ማሰር ያስፈልጋል።

ገዢ ግን የሚያየው ሙካሹን ነው፤ ዋጋውንም በሙካሹ ይገምታል። ለምሳሌ ለአንድ የትራስ ልብስ ሸራና ክር 300 ብር፣ ሥራው ደግሞ 20 ሰዓት ፈጀ እንበል። በሰዓት 40 ብር ቢታሰብ የእጅ ዋጋው 800 ብር ይሆናል፤ በጠቅላላው 1,100 ብር። በ500 ብር ቢሸጥ ለሠሪዋ በሰዓት 10 ብር ብቻ ይደርሳታል።

ከክፍለ ከተማችን አጠገብ፣ በዘነበወርቅ፣ አለርት በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመበት ስፍራ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች ጥልፍ እየሠሩ ራሳቸውን ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። መርፌ እንጀራ እንደሚሆን እነርሱ በቅርባችን አሳይተውናል። እንጀራው እንዲበቃ ግን ሰዓቱ መቆጠር አለበት።

ስለዚህ በዚህ ሥልጠና የሚሠራ እያንዳንዱ ዕቃ በመዝገባችን አራት ነገር ይያዝለታል፦ የሠሪዋ ስም፣ የሸራና የክር ወጪ፣ የፈጀው ሰዓት፣ የተሸጠበት ዋጋ። እህቶች፣ መርፌ ስታነሡና ስታስቀምጡ ሰዓቱን ጻፉ። ደጋፊዎቻችንም ስትገዙ “ማን ሠራችው? ስንት ሰዓት ፈጀባት?” ብላችሁ ጠይቁን። መልሱ በመዝገቡ ላይ ይገኛል።