ቅርስን በጆሮና በእጅ፦ በነቀምቴ ለሁሉም ተደራሽ የሆነ የጉብኝት መስመር ስለመንደፍ

መግቢያ

የቅርስ ተደራሽነት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ደረጃና መወጣጫ ላይ ይቆማል። ይህ መጣጥፍ ግን መሰናክሉ ከደረጃው በፊት፣ ታሪኩ በሚነገርበት ስልት ላይ እንደሚጀምር ይሞግታል። ማሳያው የወለጋዋ ነቀምቴ ናት።

የሕጉ ወሰን

የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 በባህላዊ ሕይወት የመሳተፍ መብትን ይደነግጋል፤ የቅርስ ሥፍራዎችንም ይጠቅሳል። የሕንፃ ሕግ ሰውን እስከ ደጃፍ ያደርሳል። ከደጃፉ ወዲያ ያለው የአቀራረብ ሥራ የነዳፊው ድርሻ ነው።

የነቀምቴ ጉዳይ

የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች መቀመጫ ነበር። ከገዢዎቹ ዘመን የተረፉት የአማርኛ ደብዳቤዎችና ሰነዶች በአሌሳንድሮ ትሪዩልዚና በተሰማ ታአ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2004 ለኅትመት በቅተዋል። ለታሪክ ጸሐፊ ሀብት ናቸው፤ ይሁንና የጉብኝት መስመር በእነርሱ ላይ ብቻ ከተመሠረተ የሚሰማው የጽሕፈት ቤቱ ድምፅ ነው፤ የጓዳውና የምድጃው አይሰማም።

የኦሮሞ ቅርስ በአብዛኛው በቃል ተላልፎ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ራሱ በአብዛኛው አስቴር ገኖ በቃል ከምታውቃቸውና ከሰበሰበቻቸው ተረቶች የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ቅርስ በብረት ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማቆም ዓይነ ስውሩን ያገላል፤ ማንበብ የማይችለውን ሽማግሌም ከራሱ ታሪክ ያርቃል። ለዓይነ ስውራን ተብሎ የሚዘጋጅ የድምፅ ትረካ ከቅርሱ ተፈጥሮ ጋር ይበልጥ የሚስማማው ለዚህ ነው።

ቡና ቀላ የተባለውን የኦሮሞ ሥርዓት እንውሰድ። ቡናው ከነገለፈቱ ጫፉ ይነከሳል፤ ከዚያም በቅቤ ይጠበሳል። በአንድ የማረፊያ ጣቢያ ጎብኚው ደረቁን ፍሬ በጣቱ ቢዳስስ፣ የቅቤውን ጩኸት ቢሰማ፣ መዓዛውን ቢያሸት፣ እናቶች ደግሞ ሥርዓቱን በአፋን ኦሮሞ ቢተርኩለት፣ የማያይ ሰው ምንም አይጎድልበትም። መስማት ለተሳነው ግን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚና አጭር ጽሑፍ የግድ ያስፈልጋል፤ አንዱን አካትቶ ሌላውን መርሳት ተደራሽነት አይሆንም። ምርቃትና ሥርዓት መቼ እንደሚታዩ፣ የቱ እንደማይታይ የሚወስኑትም የሥርዓቱ ባለቤቶች ናቸው። የሐውልቶችና የቅርስ ሥፍራዎች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት (ኢኮሞስ) እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ቅርስ ሥፍራዎች ትርጓሜና አቀራረብ ያወጣው ቻርተርም ማኅበረሰቡ በትርጓሜው ሥራ እንዲሳተፍ ይጠይቃል።

የመሬቱ ፈተና

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይልቃል፤ ተዳፋቱ ብዙ ነው፤ ክረምቱም ከባድ ነው። ቀይ አፈሩ ሲርስ ያንሸራትታል፤ ኮብልስቶኑ ደግሞ የዊልቸር ጎማን ያንገጫግጫል። ስለዚህ ለጥ ያለ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ የውኃ ቦይ ያለውና በየመካከሉ መቀመጫ የተዘጋጀለት መንገድ ይመረጣል። በተለመደው የ1 ለ12 መለኪያ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው መግቢያ 6 ሜትር መወጣጫ ይፈልጋል፤ በጥንታዊ ሕንፃ ላይ ሲሠራም ግድግዳውን የማይነካና ተነቃይ መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

የተለመደው የሥራ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ተራኪዎቹ ይመረጡ፤ ቀጥሎ ጣቢያዎቹ በእነርሱ ምክር ይወሰኑ፤ መንገዱ በመጨረሻ ይነጠፍ። ዓይነ ስውራንና ዊልቸር ተጠቃሚዎችም ነዳፊ ሆነው ይግቡ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ለምረቃ የሚጠሩ እንግዶች አይሁኑ። ተራኪው ለድካሙ መደበኛ ክፍያ ካላገኘ መስመሩ ከአንድ ክረምት አያልፍም፤ በጀት ሲያዝ ከሲሚንቶው በፊት ይህ ወጪ ይቀመጥ።