ፎረፎር እና ሥር የሰደደ የከንፈር መላላጥ

ፎረፎር ማላሴዚያ የተባለው የፈንገስ ዓይነት የራስ ቆዳን ወዝ ሲመገብ በሚፈጠር ቁጣ ምክንያት ቆዳው ከወትሮው ፈጥኖ የሚረግፍበት ችግር ነው። ፈንገሱ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም ስለሚኖር ፎረፎር የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሲበረታ ሴቦሪክ ደርማታይቲስ ይባላል፤ ከራስ አልፎ ቅንድብን፣ የጆሮን ጀርባ፣ የአፍንጫን ዙሪያና ጢም የሚበቅልበትን ቆዳ ያሳክካል፣ ይልጣል።

ከከንፈር ጋር ያለው ዝምድናም የሚነሣው ከዚህ ነው። ቅርፊቱ ከአፍንጫ ሥር ወርዶ በከንፈር ዙሪያ ባለው ቆዳ ላይ ከታየ፣ ከራሱ ፎረፎር ጋር አንድ መነሻ ሊኖረው ይችላል። ከንፈሩ ራሱ ግን ወዝ አመንጪ ዕጢ እምብዛም የለውም። ስለዚህ ለሳምንታት የሚላላጥ ከንፈር በአብዛኛው ምክንያቱ ሌላ ነው፦ በምላስ ማራስ፣ ልጣጩን በጥርስ መንቀል፣ የጥርስ ሳሙና ወይም የከንፈር ቀለም አለርጂ፣ የብረት ወይም የቫይታሚን ቢ እጥረት። በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ቡና በሚለቀምበትና በሚሰጣበት ደረቅ ወቅት ቀኑን በፀሐይ የሚውል ሰው ከንፈሩን ደጋግሞ ይልሳል፤ ምራቁ ሲተን ግን ድርቀቱ ይብሳል።

ለፎረፎር 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለው ሻምፑ በሳምንት 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ይታዘዛል። ራስ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ካልቆየ ጥቅሙ ያንሳል። ፀጉር ቅቤ መቀባት የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ በዚህ ሰሞን ቢቀር ይሻላል። ሻምፑው ለከንፈር አይሆንም፤ ለከንፈር ሽታና ቀለም የሌለው ቫዝሊን በቂ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበው ከመርካቶም ሆነ ከሌላ ገበያ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚገዛ ቅባት ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት ልጣጩን ለጥቂት ቀናት ያጠፋና፣ ሲቆም በአፍ ዙሪያ ሽፍታ ያስነሣል፤ ቆዳንም ያሳሳል።

ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ መላላጥ፣ የማይድን ቁስል ወይም የከንፈር ዳር መሰንጠቅ በጤና ጣቢያ መታየት አለበት፤ አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ፈጥነው ይቅረቡ። ድንገት የበረታ ሴቦሪክ ደርማታይቲስ የኤች አይ ቪ ምርመራ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ምርመራው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚላኩ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈር ወረቀት ይይዛሉ። ታካሚው ሲቀርብ የሚጠቀምበትን የጥርስ ሳሙናና ቅባት ከነማሸጊያው ይዞ ቢመጣ የአለርጂው ምክንያት በቀላሉ ሊለይ ይችላል።