ከአሞሌ እስከ ከረሜላ፦ የኮልፌ ሱቅና የችርቻሮ ቅንጦት

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ የዕለት ኑሮን የምታጣፍጥ ትንሽ ቅንጦት ለረጅም ዘመን ስትሸመት የኖረችው ከትልልቅ መደብሮች ይልቅ ከጠባብ የሰፈር ሱቆች፣ ከጉሊትና ከሻይ ቤት ነው። «ቸረቸረ» የሚለው ግስ በጅምላ የመጣን ዕቃ ከፋፍሎ ጥቂት በጥቂት መሸጥን ያመለክታል፤ የአካባቢው የሱቅ ታሪክም በአመዛኙ የዚህ ግስ ታሪክ ነው። ስኳርና ሻይን የመሳሰሉ፣ ቀድሞ በቤተ መንግሥትና በባለጸጎች ቤት ብቻ ይታወቁ የነበሩ ነገሮች ወደ ተራው ነዋሪ እጅ የደረሱት ዋጋቸው ስለረከሰ ብቻ አልነበረም፤ የሚሸጡበት መጠን እየደቀቀ በመሄዱና ያንን ደቃቅ መጠን የሚመጥን ገንዘብ በመገኘቱ ጭምር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የገንዘቡ ነገር መታየት አለበት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዋናው መገበያያ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትና 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው የብር ገንዘብ ነበር። ይህ ገንዘብ በሬ ለሚገዛ ሰው ቢመችም ትንሽ ነገር ለሚገዛ ሰው ግን እጅግ ከባድ በመሆኑ፣ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በአጋሰስ የሚመጣው አሞሌ ጨው የዝርዝርን ቦታ ይዞ ያገለግል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ በፓሪስ ያስመቱት ገንዘብ የብር ግማሽ የሆነውን አላድ፣ ሩቡን፣ ገርሹንና ከመዳብ የተሠራውን ቤሳ አስተዋወቀ፤ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ የዚያችን የመጨረሻ ትንሽ ገንዘብ ስም ይዞ ቆይቷል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገሪቱ ሲዘዋወር ከቆየ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብ አዋጅ ብሩን በመቶ ሳንቲም ከፈለው፤ ሁለት ሽልንግም በአንድ ብር ይመነዘር ስለነበር 50 ሳንቲም «ሽልንግ» ተብሎ ቀረ። 25 ሳንቲምን የሚያመለክተው «ስሙኒ» ደግሞ በዐረብኛ አንድ ስምንተኛ ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። ከአንድ ሳንቲም ጀምሮ የሚሸጥና የሚገዛ ነገር ሊኖር የቻለው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው።

የሸቀጡና የሻጩ መነሻም በቃላቱ ውስጥ ይነበባል። በዐረብኛ «ሱቅ» ገበያ ማለት ሲሆን፣ አማርኛ «ገበያ» የሚል የራሱ ቃል ስለነበረው የተዋሰውን ቃል በር ላላት አንዲት የመሸጫ ክፍል ሰጠው። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ስኳር፣ ላምባ፣ ክብሪትና አቡጀዴ በብዛት ይገባ ጀመር። በጅምላ አስመጪነቱ እንደ መሐመድ አሊ ያሉ የሕንድ የንግድ ቤቶችና አርመኖች፣ ግሪኮችም ጎልተው ሲታዩ፣ የሰፈሩን ችርቻሮ በአብዛኛው የያዙት ከየመን የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከሱቃቸው ጓዳ እያደሩ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት በር ከፍተው ይሸጡ ስለነበር፣ «ዐረብ ቤት» የሚለው ስም ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን የማንኛውም የሰፈር ሱቅ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ሐላዋና ተምር ከነዋሪው ጋር የተዋወቁትም በእነዚህ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ነው።

ኮልፌ ራሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ ያገኘው የከተማዋ ዋና ገበያ ወደ ምዕራብ በመዞሩ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ፣ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የነበረውን ገበያ ለአውሮፓውያን በመከለል የአገሬውን ሰው ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወሩት። በዚህም ከገበያው በስተምዕራብ የነበረው የኮልፌ ገጠራማ መሬት በእግር የሚደረስበት የመርካቶ ዳርቻ ሆነ። ተሸካሚው፣ ሸማኔው፣ ጉልበት ሠራተኛውና አነስተኛው ነጋዴ ቀን መርካቶ ውሎ ማታ ወደ ኮልፌ የሚመለስ ነዋሪ ሲሆን፣ ደመወዝተኛም አልታጣም፤ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱበት የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር በዚሁ በኮልፌ ነበር። የቀን ገቢ ያለው ሰው የቀን ፍጆታ ይገዛል፤ ስኳርን በኪሎ ሳይሆን በሾጣጣ ጥቅልል ወረቀት፣ ላምባን በጠርሙስ፣ ሲጋራን በፓኮ ሳይሆን በነጠላ የመሸጥ ልማድ ከዚህ የኑሮ ሥርዓት ጋር ልክ በልክ የሚገጥም ነበር።

ከየመኖቹ ሱቅ ወደ ጉራጌና ስልጤ ነጋዴዎች እጅ የተደረገው ሽግግር ቀስ በቀስ የተከናወነ ነው። ከገጠር ዘመዱን ተከትሎ የሚመጣው ወጣት በመጀመሪያ ጫማ የሚያሳምር ሊስትሮ፣ ቀጥሎ ማስቲካ፣ ከረሜላና ሲጋራ የደረደረበትን ሳጥን በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚዞር «ሱቅ በደረቴ»፣ ከዚያም በሱቅ ተቀጣሪ እየሆነ ሙያውን ይማርና፣ አባላቱ በየጊዜው እኩል መዋጮ እያወጡ ጠቅላላውን ገንዘብ ተራ በተራ የሚወስዱበት እቁብ ሲደርሰው የራሱን ሱቅ ይከፍት ነበር። ሱቅ በደረቴ የሚለው ስያሜ ሱቁን ከቤት ነጥሎ ከሰው ደረት ጋር ማገናኘቱ፣ ችርቻሮ ምን ያህል ትንሽ ካፒታል ይበቃው እንደነበር ያሳያል።

የጣፋጩ ዘመን በእርግጥ የተስፋፋው በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው። ስኳር ከአገር ውስጥ መገኘቱ የሻይ ቤትን መስፋፋት አገዘ፤ በብርጭቆ የሚቀርበው ጣፋጭ ሻይ፣ በዘይት ተጠብሶ በትኩሱ ከሚበላው ፓስቲና ከጣሊያንኛ ስሙን ካመጣው ቦምቦሊኖ ጋር፣ ለቀን ሠራተኛው ቁርስም ዕረፍትም ሆነ። ከረሜላም ስሙ ጣሊያንኛ ነው፤ በአንድ የሱቅ መደርደሪያ ላይ የዐረቡ ስኳር፣ የጣሊያኑ ከረሜላና የአገሬው ቆሎ ጎን ለጎን መቀመጣቸው የከተማዋን ታሪክ በአጭሩ ይናገራል።

ከሱቁ ደጃፍ ላይ የሚዘረጋው ጉሊት፣ ማለትም በአብዛኛው ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው የሚሸጡበት የሰፈር ገበያ፣ የራሱ መለኪያ አለው። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች የሚሸጡት በሚዛን ሳይሆን «መደብ» በሚባል፣ ሻጯ በዐይኗ ገምታ በምትከምረው ትንሽ ክምር ነው፤ ቆሎ ደግሞ በስኒ ይሰፈራል። ገዢዋ ከተስማማችበት በላይ «መርቂልኝ» ብላ የምትጠይቀው ጭማሪ «ምርቃት» መባሉ፣ ነጻ የምትሰጠው አንዲት ቃሪያ ወይም እፍኝ ቆሎ ከበረከት ቃል ጋር እንደምትመደብ ያመለክታል። የሃይማኖት ወራትም ለእነዚህ ገበያዎች የቀን መቁጠሪያ ናቸው፤ የሙስሊሙ ነዋሪ ቁጥር ከፍ ባለባቸው የኮልፌ መንደሮች በረመዳን ምሽት ሳምቡሳና ተምር መንገዱን ሲሞሉት፣ በክርስቲያኖች የፍስክ ዋዜማ ደግሞ እንቁላልና ቅቤ ገበያውን ይይዛሉ።

ይህ ሥርዓት ትልቁን ፈተና ያየው በደርግ ዘመን ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ የመንግሥት ሲሆኑ የብዙ ሱቆች አከራይ ቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሆነ፤ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና እህልም በየቀበሌው በተቋቋሙት የኅብረት ሱቆች በቤተሰብ ቁጥር ልክ ይታደሉ ጀመር። በራሽን የሚሰጥ ስኳር ርካሽ ቢሆንም ጊዜውንና መጠኑን የሚወስነው ገዢው አልነበረም፤ ሰልፍ ቆሞ የወሩን ድርሻ የሚወስድ ሰው የችርቻሮን ነጻነት፣ ማለትም ዛሬ ጥቂት ገዝቶ ነገን ለነገ የመተውን መብት፣ አጥቶ ነበር። የግሉ ሱቅ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በዱቤ መዝገቡ ላይ የጎረቤቱን ስም እየጻፈ ወር እስኪደርስ የሚታገሠው ባለሱቅ፣ የኅብረት ሱቁ ሊሰጥ ያልቻለውን መተማመን ይሸጥ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግዱ ሲለቀቅ ክፍለ ከተማው ወደ አየር ጤና፣ ወደ ቤቴልና በዓለም ባንክ ብድር ከተካሄደ የቤት ልማት ስሙን ወዳገኘው ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ተለጠጠ፤ ሱቆቹም አብረውት ወደ ቆርቆሮ ቤትና ወደ ኮንቴይነር ገቡ። ከቤት ወጥቶ መንገድ ዳር የተቀመጠው የጀበና ቡና ደግሞ የችርቻሮን ሕግ እስከ መጨረሻው ወሰደው፤ በቤት ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቴ እየተቀዳ ጎረቤትን ሰብስቦ የሚያቆየው ሥነ ሥርዓት፣ በአንዲት ስኒ ተቆርሶ ለመንገደኛ ይሸጣል።

በዚህ ሂደት መጨረሻ ላይ ግን መጠኑን ያደቀቀው ገንዘብ ራሱ ደቀቀ። የኑሮ ውድነት ስሙኒንና ሽልንግን ከገበያ አስወጥቶ፣ 1 ብርም ከወረቀት ወደ ሳንቲምነት ወርዶ፣ ባለሱቁ ዝርዝር ሲያጣ ለደንበኛው በመልስ ፋንታ አንድ ከረሜላ ወይም ማስቲካ መስጠትን ልማድ አደረገ። ከመቶ ዓመት በፊት በብር የሚመነዘር ነገር ሲጠፋ የሚበላው አሞሌ ገንዘብ ሆኖ እንደነበረ ሁሉ፣ በኮልፌ ሱቅ ባንኮኒ ላይም የሚበላ ነገር እንደገና የገንዘብን ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱ ያኔ የተመነዘረው ጨው መሆኑ፣ ዛሬ የሚመነዘረው ደግሞ ስኳር መሆኑ ነው።