የሆሳዕና ከተማ ስምና የክርስቲያን ልግስና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የአገራችን ከተሞች ስም ሲጠራ ብዙ ጊዜ ትርጉሙን ሳናስብ እናልፈዋለን። ከእነዚህም ከተሞች አንዷ በሀዲያ ምድር የምትገኘው ሆሳዕና ናት። ይህች ከተማ በዓቢይ ጾም መጨረሻ ዘንባባ ይዘን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የምንዞርበትን የታላቁን በዓል ስም ይዛ ትጠራለች። ቃሉም አሁን አድነን የሚል የልመና ቃል ነው። እንግዲህ የከተማይቱን ስም የሚጠራ ሁሉ፥ ነጋዴውም፥ ሹፌሩም፥ ተማሪውም፥ ሳያውቀው የችግረኛን ጸሎት ይጸልያል ማለት ነው። ዛሬም ከዚህ ስም ተነሥተን፥ በሀዲያና በከምባታ ምድር ያለፈውን ታሪክ እያስታወስን፥ የክርስቲያን ልግስና ምን እንደ ሆነ ከእናንተ ጋር እንመረምራለን።

ስፍራው አስቀድሞ ዋቸሞ ይባል ነበር፤ ይህም የቀድሞ ስም በከተማይቱ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ስም ላይ ተጠብቆ ይኖራል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፥ በኋላ ራስ የተባሉት አባተ ቧያለው አገሩን በሚያስተዳድሩበት ዘመን ከተማው ተቆረቆረ፤ ስሙም ከሆሳዕና በዓል የተነሣ እንደ ወጣለት ይነገራል።

የበዓሉን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ነገር ግን ሕዝቡ ልብሱን ከማንጠፉና ዘንባባውን ከመያዙ በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ። ጌታችን ሁለቱን ደቀ መዛሙርት ወደ መንደር ልኮ የታሰረችውን አህያ ከነውርንጭላዋ ፈትተው እንዲያመጡለት አዘዛቸው። ለምን ትፈታላችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው ቢኖር ለጌታ እንደሚያስፈልጉት እንዲነግሩት አስተማራቸው። ቅዱስ ማርቆስም ጌታ ውርንጭላውን ወዲያው እንደሚመልሰው መናገሩን ጨምሮ ጽፏል። ምእመናን ሆይ፥ ይህን አስተውሉ! ሰማይና ምድር የእርሱ ሲሆኑ፥ የፈጠረውን እንስሳ በውሰት ጠየቀ፤ መልሶም እንደሚሰጥ ተናገረ። በኃይል አልወሰደም፤ ሰውን በፈቃዱ የመስጠት ክብር ሊያገኝ ወደደ። ያ ባለ አህያም ማን እንደ ነበረ ወንጌላዊው ስሙን አልጻፈልንም። የሰጠው ስሙ እንዲጠራለት ብሎ አይደለምና። ያስፈልጋል ሲባል ሰማ፤ ሰምቶም ገመዱን እንዲፈቱ ፈቀደ።

የክርስቲያን ልግስና ሥሩ ይህ ነው። በኃይል የሚወሰድ ግብር ይባላል፤ ለስም ተብሎ የሚሰጥም ንግድ ይባላል። የባልንጀራውን ችግር ሰምቶ በፈቃዱ የሚሰጥ ግን ለጌታ እንዳበደረ ይቆጠርለታል።

በግብርና በስጦታ መካከል ያለውን ልዩነት የሀዲያ ታሪክ አጉልቶ ያሳየናል። በመካከለኛው ዘመን የሀዲያ ገዢዎች ገራድ ይባሉ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ነገሥታትም ግብር ይከፍሉ ነበር። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ የገራድ መሐመድ ልጅ ማሂኮ ግብር አልከፍልም ብሎ እንዳመፀና በዚሁም እንደ ጠፋ የንጉሡ ዜና መዋዕል ይተርካል። የዚህ የማሂኮ እኅት ግን ለንጉሡ ተድራ፥ በክርስትና ታንጻ፥ እቴጌ እሌኒ ተብላ በቤተ መንግሥት ትኖር ነበር። ወንድሟ በግብር ምክንያት የጠፋባት ሴት፥ ያን ቤት ብትጠላው ማን ይፈርድባት ነበር?

እቴጌ እሌኒ ግን ለዚያ ቤት እናት ሆኑለት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም፥ የወለዷቸው እናት ስላልነበሩ፥ እሌኒን በእናት ክብር አከበሯቸው። በእስክንድርና በናዖድም ዘመን ምክራቸው ይሰማ ነበር። በ1500 ዓ.ም. ልብነ ድንግል ገና በልጅነታቸው በነገሡ ጊዜ፥ በዕድሜ የገፉት እቴጌ ሞግዚት ሆነው መንግሥቱን ጠበቁ። አገሪቱ አደጋ እንደሚያሰጋት አስቀድመው አይተው ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ፤ እርሱም በ1506 ዓ.ም. ከሊዝቦን ደረሰ። በጎጃምም መርጡለ ማርያም ላይ ያማረ ቤተ ክርስቲያን አሳነፁ።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ዕረፍታቸው በተሰማ ጊዜ የሆነውን ጽፎ ትቶልናል። ታላቁም ታናሹም እንደ ወላጁ አልቅሶላቸዋል፤ ለሁሉ አባትም እናትም ነበሩና፥ እርሳቸው ከሞቱ ጠባቂ እንደ ሌለው ተናግሯል። እንግዲህ ሕዝቡ ያለቀሰው ሕንፃውንና መልእክተኛውን አስቦ ብቻ አይደለም፤ የሚያስብለት ሰው አጣሁ ብሎ ነው። ከሌላ ወገንና ከሌላ ሃይማኖት የመጣች፥ ቋንቋዋም ሌላ የነበረ የሀዲያ ልጅ ለሁሉ እናት ከሆነች፥ እኛ ከገዛ ጎረቤታችን ጋር በወገን ተለያይተን የምንቀርብበት ምክንያት ምንድር ነው?

ይህ ነገር በሐዋርያት ዘመንም ታይቷል። በኢየሩሳሌም የዕለት ምግብ ሲታደል፥ በግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻቸው ስለ ተረሱባቸው አንጎራጎሩ። ሐዋርያትም ይህን ማንጎራጎር እንደ ቀላል ነገር ሳይቆጥሩ፥ ሰባት ዲያቆናት ተመርጠው ለዚህ አገልግሎት እንዲቆሙ አደረጉ። የዲቁና ማዕርግ ሲጀመር በቋንቋዋ ምክንያት ለተረሳች መበለት እንጀራ ለማድረስ እንደ ሆነ እናስብ። በሆሳዕና፥ በሾኔ፥ በዱራሜና በአንጋጫ ገበያ ሀዲይኛው፥ ከምባትኛው፥ ጉራግኛውና አማርኛው ተቀላቅሎ ይሰማልና፥ ይህ ትምህርት በተለይ ለዚያ አገር ክርስቲያን የተነገረ ይመስላል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሆነውንም ልንሸፍነው አይገባም። የዐፄ ምኒልክ ጦር ወደ ሀዲያና ወደ ከምባታ በዘለቀ ጊዜ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ከዚያም በኋላ ገበሬው ለሹምና ለወታደር ገባር ሆኖ ኖረ፤ ይህም ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በልዩ ልዩ መልክ ቆየ። ታቦቱም በብዙ ስፍራ ከሰፈሩ ጋር አብሮ ገባ። ስለዚህ ገበሬው ለባለ መሬቱ ያገባው ሁሉ ስጦታ አልነበረም፤ ውርንጭላውን በውሰት ለምኖ ከመለሰው ጌታ መንገድም የራቀ ነበር። ይህን የምንናገረው አባቶችን ለመውቀስ ሳይሆን፥ ያለ ፈቃድ የተወሰደውን በፈቃድ በሚሰጥ ፍቅር እንድንክስ ነው።

የአገሩም ሰው ልግስናን ከእንግዳ የተማረ አይደለም። በሀዲያ ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ታላቅ ድግስ ደግሶ ሕዝቡን ያበላ ነበር፤ ክብሩም በበረቱ ውስጥ በታሰረው ሳይሆን ለሰው በደረሰው ይለካ ነበር። እንሰቱንም እንይ። አንድ እንሰት ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። የሚተክለውም ሰው ዛሬ ለሚበላው ሳይሆን ለሚመጣው ዘመንና ለልጁ ያስባል። ሲደርስ ሴቶች ተሰብስበው በኅብረት ይፍቁታል፤ ቆጮው በጉድጓድ ተቀብሮ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ዐውዳመት ሲመጣም ሆነ ልቅሶ ሲደርስ ከዚያ ጉድጓድ እየወጣ ለጎረቤት ይደርሳል። እንሰት በጓሮ የተተከለ የልግስና ትምህርት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ይሁን እንጂ ምድሩ ጠባብ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፥ በዚያን ጊዜ ከምባታ ጠምባሮ ዞን ይባል በነበረው አገር በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 500 ያህል ሰው ይኖር ነበር። በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናም በቀረ ጊዜ በከምባታና በሀዲያ ረሃብ ገባ። ዝናሙ ዘግይቶ መጥቶ ሜዳው ሁሉ ለመለመ፤ እህሉ ግን ገና አልደረሰም ነበርና፥ በዚያ ልምላሜ መካከል ሕፃናት በምግብ እጦት ሰውነታቸው አብጦ ወደ ሕክምና ጣቢያ ይወሰዱ ነበር። ሰዎች አረንጓዴ ረሃብ አሉት። በመንገድ የሚያልፍ መንገደኛ አገሩ ጥጋብ መስሎት ያልፋል፤ ወደ ጎጆው የገባ ብቻ እውነቱን ያያል።

ምእመናን ሆይ! በእኛም ዘመን አረንጓዴ ረሃብ ብዙ ነው። ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ ቤት ውስጥ ሐዘን አለ። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪቃ ይሄዳሉ፤ አባት በሬውን ሸጦ፥ ዘመድም ተበድሮ ይሸኛቸዋል። የደረሱት ቤት ይሠራሉ፥ ወንድም ያስተምራሉ፥ ለቤተ ክርስቲያንም ይረዳሉ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። በመንገድ የቀሩትስ? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ አውራጃ በአንድ ጭነት መኪና ላይ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በየስፍራው እንደዚህ የቀሩት ልጆች እናቶች ዛሬም አሉ። ዕዳው አልተከፈለም፤ አስከሬኑ አልመጣም፤ ልቅሶው አልወጣላቸውም። እነዚህ እናቶች እጃቸውን ዘርግተው አይለምኑም። ልጁ የተሳካለት ጎረቤት የሠራውን ፎቅ ከደጃቸው ሆነው ያያሉ። ጌታ በእነርሱ በኩል ያስፈልገኛል ሲል ማን ይሰማው?

ስለዚህ መስጠት ከማየት ይጀምራል። በሰንበቴ ጽዋ ስንጠጣ፥ ከመካከላችን ዛሬ የቀረው ማን ነው፥ ለምንስ ቀረ ብለን እንጠይቅ። የዕድር ገንዘብ ለቀብር ብቻ ሳይሆን በዕዳ ለተያዘች መበለትም እንዲተርፍ እንምከር። ዐሥራት ስናወጣ ከተረፈን ሳይሆን ከመጀመሪያው እናውጣ። በሌላ ቋንቋ የምታለቅስ እናት ብናገኝ፥ ቋንቋዋን ባናውቅ እንኳ ከአጠገቧ ተቀምጠን እናልቅስ። ስንሰጥም በመለከት አናስነፋ፤ ባለ አህያው ስሙ ሳይጻፍ ቀርቷል፥ ጌታ ግን ያውቀዋል። በመጨረሻው ቀን በቀኙ የሚቆሙት፥ መቼ አብልተን አጠጣንህ ብለው የሚደነቁት፥ የሰጡትን ያልቆጠሩ መሆናቸውን ቅዱስ ማቴዎስ በ25ኛው ምዕራፍ ነግሮናል።

ወንድሞችና እኅቶች፥ በሚመጣው የሆሳዕና በዓል ዘንባባውን ጠምዝዘን በእጃችን ስናስር፥ በቤታችን ደጅ ምን እንዳሰርን እናስብ። እህል ይሁን፥ ገንዘብ ይሁን፥ ጊዜ ይሁን፥ ወይም የይቅርታ ቃል ይሁን፥ ያስፈልጋል የሚል ድምፅ በመጣ ጊዜ ገመዱን እንፍታ። የሀዲያን ልጅ ለሁሉ እናት ያደረገ አምላክ፥ የሌላውን ችግር የሚያይ ዓይንና ሳያመነታ የሚዘረጋ እጅ ለእኛም ይስጠን። በባዕድ ምድር የቀሩትን ነፍሳቸውን ይማር፤ የቀሩባቸውን ወላጆች ያጽናና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።